«ቢሊን» ያለውን ሰው አትነካኩት፦ በስኮትላንዶች የቁጣ ቃላት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ግላስጎ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ቤቱ የሚያፈስበት፣ ቀጠሮው የተሰረዘበት፣ ከጎረቤቱ የተጣላ ሁሉ እኔ ጋ የሚመጣው ተቆጥቶ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊም ብዙ ጊዜ እንደዚያው። በመሀል የማያቸው ስህተቶች ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው።

«ቢሊን»ን አቅልሎ ማየት አንዱ ነው። የግላስጎ ሰው «አም ቢሊን» ካለ ደሙ ፈልቷል። አዲስ መጪው ስልኩ ላይ ይፈልገውና ያጣዋል። ወይም «አንግሪ» የሚል ትርጉም ያገኝና «አሃ፣ ትንሽ ተናዷል» ብሎ ይረጋጋል። አትረጋጉ! ቃሉ የመጣው መግል ከቋጠረ ቁስል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ሊከብድ አይገባም፤ እኛም «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። እንግሊዞቹም ቀልቶ ያበጠን ቁስል «አንግሪ» ይሉታል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሃል?» እያላችሁ አትነካኩት። ጉዳያችሁን ባጭሩ ተናግራችሁ ዝም በሉ።

የባሰው ግን የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ከፍቶ ደስ ያለውን መምረጥ ነው። እባካችሁ ይሄን ተዉ። ተመሳሳይ ስለተባሉ አንድ አይደሉም። «ክሮስ» እናት ልብሱን ያቆሸሸ ልጇን ስትቆጣ የምትለው ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «አይ አም ቬሪ ክሮስ» የሚልን ጎልማሳ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? «ኢንዲግናንት» ተበደልኩ፣ ፍትሕ ጎደለብኝ ለሚል ሰው ቁጣ ነው፤ አውቶቡስ ላመለጠው አይሆንም። «ፊውሪየስ» እና «ሊቪድ» ጣሪያ የነካ ንዴት ናቸው፤ ለቀዘቀዘ ቡና ካወጣችኋቸው ቤታችሁ የተዘረፈ ቀን ምን ልትሉ ነው?

አንድ ወንድማችን ግድግዳው ሻጋታ አውጥቶበት ለአከራዩ ደብዳቤ ጻፈ። እንግሊዝኛ የለመደው ከአሜሪካ ፊልም ነው። «አይ አም ማድ ኤንድ ፒስድ» ብሎ ጀመረ። አሜሪካ ቢሆን ተናድጃለሁ ማለት ነው። እዚህ ግን «ማድ» ብዙ ጊዜ እብድ ነው፤ «ፒስድ» ደግሞ የሰከረ። ምስኪኑ አብዶና ሰክሮ ስለ ሻጋታ የሚያማርር ሰው ሆኖ ቀረበ። «ፒስድ ኦፍ» ቢል ንዴት ይሆንለት ነበር፤ ግን ያም ለደብዳቤ የማይሆን የመንገድ ቃል ነው። እዚህ አገር ደብዳቤ ላይ ክብደት ያለው «ቬሪ ዲሳፖይንትድ» የሚለው ነው። ለእኛ ጆሮ «ቅር ብሎኛል» ይመስላል። ተቀባዩ ግን ነገሩ ወደ ክስ ሊሄድ እንደሚችል ይገባዋል። አብረን እንደገና ጻፍነው።

«ስቲሚን» የሰከረ እንጂ በንዴት የጨሰ አይደለም። «ግሪቲን» ደግሞ ለቅሶ ነው፤ እንደ እንግሊዝኛው «ግሪቲንግ» ሰላምታ አይደለም።

«ክራቢት» የተባለውን ሰው ምን አስቆጣው ብላችሁ አትጨነቁ። ነጭናጫ ነው፣ በቃ። «ስካነርድ» ነኝ የሚለው ደግሞ አልተቆጣም፤ አንገሽግሾታል። ይሄኛውን እንደዚህ ልክክ አድርጎ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል የለም፤ በአማርኛ ግን ስተረጉመው ደስ ይለኛል።

ኤዲንብራ ያላችሁ «ራጅ»ን ጠንቀቅ በሉ። የንዴት ቃል ነው፤ ሰውን «ራጅ» ካላችሁት ግን እብድና ነውጠኛ ብላችሁ ሰደባችሁት። አንድ ልጅ ከሥራ ባልደረቦቹ ሰምቶ ለአለቃው ሞከረው። እርስ በርስ ሲባባሉ ይስቁ ነበር እኮ! እነሱ አብረው ያደጉ ናቸዋ። ስሙት፣ ተረዱት፣ አፋችሁ ላይ ግን አይምጣ።

ይሄን ሁሉ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዴ አስተማሪዎችም ጭምር! ቃላቱ ግን ስኮትስ ከሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ ናቸው። የጆን ጄሚሰን የስኮትስ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1808 ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ስኮትስ እናገራለሁ ብሏል። በ2025 ደግሞ የስኮትላንድ ፓርላማ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል። እና ማን ነው ያበላሸው?

በመጨረሻ፣ ከድሮ መዝገበ ቃላት ቃል ለቅማችሁ ወጣቶች ላይ አትሞክሩ። «ቢርስ» ለምሳሌ የአሳማ ጠንካራ ጸጉር ነው። «ቢርሱ ቆመ» ማለት ተቆጣ ማለት ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን ብዙ የከተማ ልጅ አያውቀውም። ሴልከርክ የምትባለው የደቡብ ከተማ ከሄዳችሁ ደግሞ ሌላ ጉድ ትሰማላችሁ። የጥንት ጫማ ሰፊዎቿ ይሰፉበት የነበረ ጸጉር ስለሆነ፣ ከተማዋ የክብር ዜግነት የሰጠችው ሰው ቢርሱን ወይን ውስጥ ነክሮ በከንፈሩ ያሳልፈዋል። ለእኛ ሰዎች ይሄን ስነግራቸው የአሳማ ነገር ሆኖ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ቢሆንም እዚያ «ቢርስ ላሰ» ሲባል ብትሰሙ ሰውዬው ተከበረ እንጂ ማንም አልተቆጣም።