በኦንላይን የጸሎት ጉባኤ መቀራረብን የሚያሳጡ ስህተቶች

ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች በስክሪን ፊት ተሰብስበው ከልብ አብረው መጸለይ ይችላሉ። ጉባኤው የሚቀዘቅዘው አብዛኛውን ጊዜ በአካል ሲደረግ የነበረው ሁሉ እንዳለ ወደ ዙም ስለሚወሰድ ነው።

ሁሉም ማይኩን ከፍቶ እንዲዘምር ማድረግ

ድምፅ ከአንዱ ቤት ተነስቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ጥቂት ይዘገያል። ይህ መዘግየት በወሬ ጊዜ ብዙም አይታወቅም፤ በዜማ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዝማሬው እየተጎተተ ይፈርሳል። በአንድ ድምፅ የሚደገም ጸሎትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መሪው ብቻ ማይኩን ይክፈት፤ ሌሎቹ ዘግተው በየቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከተሉት። ይሁንና ሰው የመሪውንና የራሱን ድምፅ ብቻ እየሰማ ከቆየ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ በመዝሙሮቹ መካከል አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ ጥቂት መስመር ያንብብ። መሪው በሙዚቃ መሣሪያ የሚያጅብ ከሆነ ደግሞ የዙም ማጣሪያ የመሣሪያውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆራርጠዋል። ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን «ኦሪጅናል ሳውንድ» የተባለ የዙም ምርጫ ያብራ፣ ድምፁ ተመልሶ እንዳያስተጋባም የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ።

ሰውን ሁሉ በአንድ ክፍል ማቆየት

40 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ የቀሩት ተመልካች ይሆናሉ። ከ4 እስከ 6 ሰው ወደሚይዙ የዙም ንዑስ ክፍሎች (ብሬክአውት ሩም) ይከፋፍሏቸው፤ ለአምስት ሰው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይስጡ። ሁለት ሁለት አድርጎ መመደብ አይመከርም፤ የአንዱ ኔትወርክ ከተቋረጠ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን ክፍፍሉን በየሳምንቱ ለሲስተሙ ዕጣ መተው ነው። ሰው ሸክሙን የሚያወጣው ባለፈው ሳምንት ላየው ፊት ነው፤ ቡድኖቹን በእጅ መድበው ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አይቀይሯቸው።

ሳይናገሩ ዝም ማለት

በስክሪን ላይ ድንገተኛ ዝምታ ኔትወርክ የተቋረጠ ያስመስላል፤ ሰው ማሰላሰሉን ትቶ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። «አሁን ለ3 ደቂቃ በጽሞና እንቆያለን፤ ሲያበቃ እኔ እናገራለሁ» ብለው ይጀምሩ። ማብቂያውን በደወል አያድርጉ፤ ማጣሪያው ደወሉንም ሊውጠው ይችላል።

የጸሎት ርእስን መቅዳት

ትምህርቱ ይቀዳ። የግል ጭንቀት መነገር ሲጀምር ግን ቅጂው መቆሙን በግልጽ ተናግረው ያቁሙት። አንድ ሰው ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ሕመሙ የተናገረው በሰው እጅ ከገባ፣ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ የሰሙትም አይከፍቱም። ተሳታፊዎችም ቤታቸው ሌላ ሰው ካለ የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርጉ አስቀድመው ያሳስቡ።

ሊንኩን በአደባባይ መለጠፍ

እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጉባኤዎች በማይታወቁ ሰዎች የተረበሹት በዚህ በኩል ነበር። የይለፍ ቃል ያድርጉ፣ ገቢውን እስኪፈቀድለት የሚያቆየውን መጠበቂያ ክፍል ያብሩ፣ በሩን የሚጠብቅ ከመሪው ሌላ ሰው ይመድቡ።

ሰዓቱን አለማስላት

በነፃው ዙም የቡድን ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ቡራኬው መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። መርሐ ግብሩን በ35 ደቂቃ ይጨርሱ፣ ወይም ሁለተኛ ሊንክ ያዘጋጁ።

ካሜራ እንዲከፈት ማስገደድ

ኢንተርኔቱ ደካማ የሆነበት አለ፣ ቤቱን ማሳየት የማይፈልግም አለ። ስሙን በትክክል ይጻፍ፤ ይበቃል።

ከቡራኬ በኋላ ወዲያው መዝጋት

በአካል ሲሆን ሰው ከጸሎት በኋላ በር ላይ ቆሞ ይጫወታል፤ ብዙ ወዳጅነት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ክፍሉን (በነፃው ዙም ከሆነ ሁለተኛውን ሊንክ) ለ15 ደቂቃ ክፍት ይተዉት፣ አንድ አስተባባሪም እስከ መጨረሻው ይቆይ። ከዚያ በፊት ማን ለምን ጸሎት እንደጠየቀ ይመዝግብ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከቡድኑ አንድ ሰው ደውሎ «እንዴት ሆነልህ? እንዴት ሆነልሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥሪው አምስት ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው፤ ደዋዩ ግን በየሳምንቱ ይቀያየር፣ አለዚያ ሸክሙ ሁሉ አስተባባሪው ላይ ይወድቃል።