የጀልባ ሞተር ሲደክም መጀመሪያ የምትጨምቋት ጎማ

ጣና ላይ ከጀልባው ኋላ የሚገጠመው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ እየደከመ ከመጣ፣ ለመፍታት አትቸኩሉ። በነዳጁ ቱቦ መሐል ያለችውን ሞላላ የጎማ ፓምፕ አንድ ሰው በእጁ ደጋግሞ ይጨምቃት። ሞተሩ ወዲያው ነፍስ ከዘራ የጎደለው ነዳጅ ነው፤ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ ተዉት።

ሞተሩ ላይ ያለው ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፕ ባትሪ አይፈልግም። ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ምት አንዲት ስስ ገለፈት እያርገበገበ ነዳጅ ይስባል። ገለፈቷ ስትደርቅ ወይም ስትሰነጠቅ አቅሙ ይወርዳል፤ እጃችሁ የጎደለውን ይሞላል ማለት ነው። ማጣሪያው ቆሽሾ ወይም ቱቦው አየር እየሳበ ሊሆንም ይችላልና እነሱን አስቀድሙ። ጎማዋ ራሷ ወደ ውስጥ ተመጥጣ ከተጣበቀች ግን ፓምፑ እየሳበ ነው፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ክፈቱ። ይህችን ስንት ሰው ይረሳታል!

በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚሠራ፣ ነዳጁን በግፊት ለሚረጭ የኢንጀክሽን ሞተር ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ የሚፈልገውን ከፍተኛ ግፊት እጅ አይሰጠውም። እዚያ ቁልፉን ስትከፍቱ የፓምፑን ድምፅ አዳምጡ፤ ከሌለ ፊውዙንና የባትሪውን ማያያዣ ፈትሹ። የቤንዚን ሽታ ካለ ምንም ሳትሞክሩ ሞተሩን አጥፉ።