ጀርመን ቤተሰብ ጋ ለምትገቡ ተማሪዎች
ከሁሉም በፊት ይሉኝታውን ተዉት። ምግብ ሲያቀርቡላችሁ «አይ በቃኝ» ካላችሁ አመኗችሁ ማለት ነው፣ በሞቴ ብሎ የሚለምን የለም ሳህኑ ይነሳል፣ ስለዚህ ከራባችሁ መጀመሪያ ሲጠይቋችሁ እሺ በሉ። ማታ ብዙ ቤት የሚቀርበው ቀዝቃዛ ነው፣ ዳቦ ከነ አይቡ ከነ ሳላሚው፣ እና ምሳ ላይ በደንብ ብሉ። የምትፆሙ ከሆነ በገባችሁበት ቀን ንገሯቸው፣ ረቡዕና አርብ ቪጋን ነኝ ስትሏቸው ቶሎ ይገባቸዋል፣ ዝም ብሎ ሳይበሉ መነሳት ግን ቅር ያሰኛቸዋል።

ቆሻሻ ደሞ ይለያል፣ ወረቀት ለብቻ የምግብ ትራፊ ለብቻ ፕላስቲክ ለብቻ፣ የቱ የት እንደሚገባ ጠይቁና ፎቶ አንሱት። የውሃና የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን እንዳትጥሉ፣ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስትከቱት ለአብዛኛው 25 የዩሮ ሳንቲም ይመለስላችኋል። በኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 በኋላ ስልክ ቀስ ብላችሁ አውሩ።