አኖቫ ስትሠሩ፦ መቶ ሃያ ተክል መቶ ሃያ ድግግሞሽ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዷ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «መምህር፣ ሁሉም ሲግኒፊካንት ወጣ!» ልዩነቱ የአጋጣሚ ብቻ አይመስልም ማለቷ ነው፤ ፊቷ በርቷል። የጤፍ ሙከራ ነው፤ ቁንጮ፣ ፀደይ፣ ማኛና እናቲት የተባሉ አራት ዝርያዎች በሦስት ብሎክ (አራቱም አንድ አንድ መደብ ባገኙበት የማሳ ክፍል) ተዘርተዋል፤ በድምሩ 12 መደብ። ከየመደቡ የአሥር አሥር ተክል ቁመትና ሌሎች አራት ባሕርያት ለክታ 120 ረድፍ ኤክሴል ላይ አስገብታለች። 120ውንም እንዳለ ለአኖቫ፣ የቡድኖችን አማካይ ለሚያወዳድረው ስሌት፣ ሰጥታዋለች።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። የትኛው ዝርያ የት ይዘራ ተብሎ ዕጣ የወጣው ለመደብ እንጂ ለተክል አይደለም! አንድ መደብ ላይ የበቀሉ አሥር ተክሎች አፈሩንም ውኃውንም አረሙንም ይጋራሉ፤ መደቡ ውኃ የሚቋጥር ቦታ ላይ ከወደቀ አሥሩም አብረው ይቀጭጫሉ። አሥር ምስክር አቀረብኩ ትላላችሁ፤ የቆመው ግን ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ የሚደግም አንድ ምስክር ነው።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር አኖቫን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያዳበረው እንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ የማሳ ሙከራ ሲተነትን ነው። አኖቫ በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት የሚመዝነው አንድ ዓይነት ዘር የተዘራባቸው መደቦች እርስ በርስ ከሚዋዥቁት መጠን ጋር ነው። እሷ ያስገባችው ግን እዚያው መደብ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ተክሎችን መዋዠቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አካፋዩ ይህ መዋዠቅ ነው፤ እሱ ሲያንስ ኤፍ (የቡድኖቹ ልዩነት ለመዋዠቁ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ያብጣል። መስፈርቱም አብሮ ይላላል፦ ብሎኩን ቆጥረን በ12 መደብ ስንሠራ የስህተቱ የነፃነት ዲግሪ (መዋዠቁን ለመገመት የቀረን ነፃ መረጃ ብዛት) 6 ስለሆነ፣ በ5 በመቶ ደረጃ (ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድል) ኤፍ ከ4.76 መብለጥ አለበት። ብሎኩን ረስታ 116 ስታደርገው 2.7 ገደማ በቃት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የየመደቡን አሥር ተክል አማካይ ውሰዱና 12 ረድፍ ይዛችሁ ተንትኑ፤ ብሎኩንም ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። እንደዚያ አደረግን። ከአምስቱ ባሕርያት ሁለቱ ብቻ ተረፉ። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ስክሪኑን አየሁ።

አራት ቡድን ይዛችሁ ጥንድ በጥንድ ቲ-ቴስት (ሁለት ቡድን ብቻ የሚያወዳድር ፈተና) አትደርድሩ። ስድስት ጥንድ አለ፤ ፈተናዎቹ እርስ በርስ ባይያያዙ እንኳ ምንም ልዩነት በሌለበት ቢያንስ አንድ የሐሰት «ሲግኒፊካንት» የማግኘት ዕድላችሁ 26 በመቶ ይደርሳል። ሁሉንም ጥንዶች አብሮ የሚያወዳድረው የቱኪ ፈተና የተሠራው ለዚህ ነው።

ቀጣዩ የራሴ ጉድ ነው። ተማሪ ሳለሁ ዝርያዎቹን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ አስገባሁና ፋክተር (የቡድን መለያ) መሆናቸውን ሳልነግረው ቀረሁ። ፕሮግራሙ እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረልኝ፤ ዝርያ 4 የዝርያ 2 እጥፍ ይመስል። የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ሠንጠረዡን አየና «አራት ዝርያ ካለህ የነፃነት ዲግሪው 3 መሆን አልነበረበትም? ይህ 1 ከየት መጣ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማንንም ውጤት ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ዓምድ ነው።

ኖርማሊቲን (የደወል ቅርጽ መያዙን) በጥሬው መረጃ ላይ አትፈትሹ። አማካያቸው የተራራቀ አራት ቡድኖች አንድ ላይ ሲከመሩ ባለ ብዙ ጉብታ ሥዕል ቢወጣ ምን ይገርማል? የሚፈተሸው ሬዚጁዋሉ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ሞዴሉ የገመተው ሲቀነስ የሚተርፈው። የቡድኖቹ ቫርያንስ (የልኬቶቹ መበታተን) በጣም ከተለያየ ደግሞ ይህን የሚታገሰውን የዌልችን አኖቫ ተጠቀሙ።

ዝርያና ማዳበሪያ አብራችሁ ስትሞክሩ ኢንተራክሽኑን (የአንዱ ውጤት እንደ ሌላው መለዋወጡን) ሳታዩ ወደ አማካዮቹ አትሩጡ። አንዱ ዝርያ ናይትሮጂን ሲበዛለት ምርቱ ይጨምራል፤ ሌላው ቁመቱ ይረዝምና ይጋደማል። የሁለቱን አማካይ ወስዶ «ማዳበሪያው ለውጥ አላመጣም» ማለት ሁለቱንም ገበሬዎች ማሳሳት ነው።

ፒ (ልዩነት ባይኖር እንኳ ቢያንስ ይህን ያህል የጎላ ውጤት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል) ከ0.05 በላይ ሲሆን «ዝርያዎቹ እኩል ናቸው» ብላችሁ አትጻፉ። በሦስት ብሎክ ትልቅ ልዩነት እንኳ ሊያመልጣችሁ ይችላል። «ልዩነት መኖሩን ማሳየት አልቻልንም» በሉና የመተማመኛ ክልሉን (እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለውን ክልል) አስቀምጡ። ልጅቷም ያንን ጽፋ ስታበቃ «ለሚቀጥለው ክረምት ስንት ብሎክ ይበቃኛል?» አለችኝ። ከመዝራቷ በፊት ጠየቀችኝ፤ ቡናውን እኔ ጋበዝኳት።