ኮምፒዩተሮቻችንን ለጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማዘጋጀት

በርካታ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚይዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቁጥሩ ባለምልክት በሆነ (አዎንታዊም አሉታዊም ቁጥር በሚይዝ) 32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች፣ ሲቀመጥ ከ2,147,483,647 ማለፍ አይችልም፤ እዚያ የሚደርሰውም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ሊመልሰው ይችላል። የ20 ዓመት የብድር መክፈያ ሰሌዳን የመሰለ የወደፊት ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ግን ዕለቱን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ፍተሻው ከእርሱ ይጀምር።

በመጀመሪያ ቀን የሚመዘግበውን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ከሰርቨሮች በተጨማሪ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዎችንና የካሜራ መቅጃዎችንም ያካትቱ።

ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተር መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቀኑ የተቀመጠበት ቦታ ነውና። ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም «ታይምስታምፕ» የተባለው የዳታ ዓይነት ከላይ በተጠቀሰው ሰከንድ ሲያበቃ፣ «ዴትታይም» ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 9999 ድረስ ይቀበላል። ሆኖም የመጀመሪያው ሰዓቱን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ፣ ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደሚዘገየው) ቀይሮ ሲያስቀምጥ ሁለተኛው የተሰጠውን እንዳለ ስለሚይዝ፣ ለውጡን ከማድረግዎ በፊት መረጃው በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሚቀመጥ ይወስኑ፤ ይህ ከታለፈ የቆዩ መዝገቦች በሦስት ሰዓት ሊዛነፉ ይችላሉ። ሰከንዶች በ«ኢንት» (ባለ 32 ቢት ቁጥር) ዓምድ ከተያዙ ወደ «ቢግኢንት» (ባለ 64 ቢት ቁጥር) ይቀይሯቸው። ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ላይ ደግሞ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 5.6ና ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.34 ወይም ከዚያ በኋላ የወጡት ያስፈልጋሉ፤ ፕሮግራሞቹም በ64 ቢት ሰዓት እንደገና መጠናቀር (ከምንጭ ኮዳቸው ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) አለባቸው።

ሙከራውን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት ፈጽሞ አያድርጉ፤ የወደፊት ቀን የያዙ መዝገቦች ከእውነተኞቹ ጋር ይደባለቃሉ። ቅጂውን ከኔትወርክ በተለየ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒዩተር) ላይ ጭነው፣ የሰዓት ማመሳሰያውን አጥፍተው፣ ሰዓቱን ከወሰኑ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ያድርጉትና ሲያልፍ ይከታተሉ፤ ከዚያም ማሽኑን አጥፍተው ያስነሱት። ሪፖርት፣ የወለድ ስሌትና ከመጠባበቂያ ቅጂ መረጃን መመለስ በትክክል መሥራታቸውን ያረጋግጡ። የደኅንነት ሰርተፊኬቶች (የሰርቨርን ማንነት የሚያረጋግጡ ዲጂታል ሰነዶች) ጊዜያቸው አልፎ የሚያሳዩትን ስሕተት ከዚህ ችግር ጋር አያምታቱት።

አምራቹ ማሻሻያ የማያወጣላቸውን መሣሪያዎች የመተኪያ በጀት ከአሁኑ ያስይዙላቸው፤ በአዲስ የግዢ ውል ውስጥም አቅራቢው መሣሪያው ከ2030 ዓ.ም. በኋላ ያሉ ቀኖችን በትክክል እንደሚይዝ በሙከራ እንዲያሳይ የሚያስገድድ አንቀጽ ያስገቡ።