የወፍጮ ኩሽኔታ ስንት ዓመት ያገለግላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ወፍጮ ስጠግን የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት፣ የሚያረጀው በዙርና በጭነት እንጂ በዓመት አይደለም። የፋብሪካው የዕድሜ ስሌትም ቢሆን ከአሥር አንድ ዓይነት ኩሽኔታዎች ዘጠኙ የሚያልፉትን ልክ ነው የሚናገረው። አሥረኛው ቀድሞ ቢሰበር ሻጩን አትርገሙት፤ መለዋወጫ ይኑራችሁ።

ምልክት፦ አዲሱ ኩሽኔታ በገባ በሳምንቱ ይጮኻል።
የጮኸውን ሳትጥሉ ፈልቅቃችሁ እዩት። የኳሶቹን ርቀት ጠብቀው የተደረደሩ ጉድጓዶች ቀለበቱ ላይ ካሉ፣ ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል። ዘንግ ላይ ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቧንቧ ግፉት፤ የውጩን ከመታችሁ ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው።

ምልክት፦ በቺንጋው (ወፍጮውን በሚያዞረው ቀበቶ) በኩል ያለው ኩሽኔታ ብቻ በየጥቂት ወሩ ያልቃል።
እኔን የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። ገብስ ሲበዛ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ባለወፍጮው ክር እስኪመስል ይወጥረዋል። የኳስ ኩሽኔታ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በስሌት 16,000 ሰዓት የሚሠራው 2,000 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚፈጭ ሰው 2,000 ቀን የነበረው 250 ቀን ሆነ ማለት ነው። የሚንሸራተት ቺንጋ ብዙ ጊዜ ያለቀ ወይም ቅባት የነካው ነው፤ ለውጡት፤ ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ሁለቱ መዘውሮችም በአንድ መስመር መቆማቸውን በክር ለኩ።

ምልክት፦ እጅ እስከማያስነካ ይግላል።
ብዙ ጊዜ ወይ ዱቄት ገብቷል፣ ወይ ግራሶ (ወፍራሙ የማሽን ቅባት) በዝቷል። የኩሽኔታውን ማቀፊያ ቤት እስከ አፉ መሙላት ደግነት አይደለም፤ ከባዶው ቦታ ሲሶው እስከ ግማሹ ይበቃል። ከመሙላታችሁ በፊት የግራሶ መግቢያውን ጥረጉ። በኅዳር ውርጭ ግራሶው ስለሚጠጥር ጠዋት ጥቂት ደቂቃ በባዶው አዙሩ።

ከዚህ በኋላ ትንበያ የሚሆናችሁ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ስንት ሰዓት ሠርቶ እንደሞተ ጻፉ። ሞቱ መጀመሪያ ላይ ከበዛ አገጣጠሙን መርምሩ፤ ያለ ሥርዓት ከተበታተነ ዱቄትንና ድንገተኛ ጭነትን ጠርጥሩ፤ ሁሉም ተቀራራቢ የሥራ ሰዓት ላይ ከተሰበሰበ ግን እርጅና ነውና፣ የፋሲካ ወረፋ ሳይጀምር ቀድማችሁ ለውጡት።