ኤልቢፒ ነጩንና ቀዩን እንጀራ ሲያምታታባችሁ

የእንጀራ ፎቶ ሰጥታችሁ "ነጭ ጤፍ ነው ወይስ ቀይ?" ስትሉት ፕሮግራሙ እየገመተ ይመልሳል? የፎቶን የገጽ ሸካራነት በቁጥር የሚገልጸውን ኤልቢፒን (ሎካል ባይናሪ ፓተርን) ብቻ ከተጠቀማችሁ ጥፋቱ የፕሮግራም አጻጻፋችሁ ላይሆን ይችላል።

ኤልቢፒ በፊንላንድ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ እነ ቲሞ ኦያላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጡት ዘዴ ነው። አንድ ፒክስል (የፎቶ ነጥብ) ይዞ 8 ጎረቤቶቹን ያያል። ጎረቤቱ ከመሃሉ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከደመቀ 1፣ ከጨለመ 0 ይጽፋል። ስምንቱ ሲደረደሩ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሆናሉ፤ ይህ የፒክስሉ ኮድ ነው። የእነዚህ ቁጥሮች ሂስቶግራም፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳየው ቆጠራ፣ የፎቶው መገለጫ ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ነው። ማን ከማን እንደሚደምቅ እንጂ በስንት እንደሚደምቅ አይመዘገብም። ፎቶው በሙሉ ቢደምቅ ወይም ቢጨልም፣ ብርሃኑ ካልተቃጠለ በቀር፣ ኮዱ ያው ነው። መብራቱ ለሚለዋወጥበት ቤት ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። ግን የጤፉ መልክም አብሮ ይጠፋል። የእንጀራውን ዓይን ያያል፣ ቀለሙን አያይም።

መፍትሄው የቀለም ሂስቶግራም ከጎኑ መቀጠል ነው። መጀመሪያ የየራሳቸው ድምር 1 እንዲሆን አድርጉ፤ አለዚያ ትልልቅ ቁጥር ያለው ሌላውን ይውጠዋል። አሁን ቀለም ስለገባ ግን ፎቶዎቹን በአንድ ዓይነት ብርሃን አንሱ።

ሰሃኑ ወይም ጠረጴዛው ላይ የተዘበራረቀ ኮድ ካያችሁ፣ ምክንያቱ የካሜራው ኖይዝ (በፎቶው ላይ በዘፈቀደ የሚፈጠር ጥቃቅን የብርሃን ልዩነት) ነው። ለጥ ባለ ቦታ የ1 ነጥብ ልዩነት እንኳ 0ን 1 ያደርጋል። ፎቶውን የሚያለሰልሰውን ጋውሲያን ብለር በትንሹ አድርጉበት። ከዚያ በፊት ግን እንጀራውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻውን ይበቃል።

ፎቶው ሲዞር መልሱ ከተለወጠ፣ ተራውን ባለ 256 ኮድ ነው የያዛችሁት። እንጀራ ላይና ታች የለውም። በፓይተኑ የፎቶ ላይብረሪ በሳይኪት-ኢሜጅ "ዩኒፎርም" የሚለውን ምረጡና በ8 ጎረቤት ሂስቶግራሙን 10 ክፍል አድርጉት። "ኤንአርአይ ዩኒፎርም" የሚባለው 59 ክፍል አለው፤ እሱ መዞርን አይችልም፣ ስማቸው እንዳያሳስታችሁ።

ከቅርብ ሲነሳ የሚያውቀውን ከሩቅ ከሳተው፣ ራዲየስ (ጎረቤቶቹ ከመሃሉ የሚርቁበት ርቀት) 1 ሲሆን የሚያየው 3 በ3 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ነው። ራዲየስ 2ን በ16፣ 3ን በ24 ጎረቤት ጨምሩና ሂስቶግራሞቹን ቀጥሏቸው። የሁሉም እንጀራ ስፋት በፒክስል እኩል እንዲሆንም ፎቶዎቹን አስቀድማችሁ አስተካክሉ።